ትዕግሥት እስከ እሑድ

የካሮላይና ፓንተርስን ደጋፊ ትዕግሥት የለውም ብሎ የሚያማ ሰው ካለ ግፍ ይሠራል። ቡድኑ በ2023 ብራይስ ያንግን፣ ቡድኖች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ ከሚመርጡበት ድራፍት አንደኛ አድርጎ ሲመርጠው፣ ልጁ ገና 21 ዓመቱ ነውና ጊዜ ይሰጠው ተባለ። ተሰጠውም። 18 ጨዋታ ሙሉ! በሚቀጥለው ጨዋታ ያንግ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታየ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ በአሜሪካን ፉትቦል ኳርተርባክ የሚባለው፣ ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች ሊደፈጥጡት እየተንደረደሩበት ሳለ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ኳሷን ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ነው። አምስት ጓደኞቹ ከፊቱ ቆመው ይከላከሉለታል። ይከላከሉለታል ተብሎ ይታሰባል ማለቱ ሳይሻል አይቀርም፤ ያንግ በመጀመሪያ ዓመቱ ኳሷን እንደያዘ 62 ጊዜ መሬት ላይ ተዘርሯል። ቡድኑ እሱን ለማግኘት ለቺካጎ ቤርስ አራት የድራፍት ምርጫ ከሰጠ በኋላ፣ ያነሰ መስሎት ይሆናል፣ ምርጡን ኳስ ተቀባይ ዲጄ ሙርን መረቀበት። ወርዋሪው ሲገባ ተቀባዩ ወጣ። አሰልጣኙ ፍራንክ ራይክ ከ11 ጨዋታ አንዱን ብቻ አሸንፈው በኖቬምበር ተሰናበቱ። የቡድኑ ባለቤት ዴቪድ ቴፐር ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ጃክሰንቪል ላይ ወደ ተመልካች መጠጥ ደፍተው 300 ሺህ ዶላር ተቀጡ። የውድድር ዘመኑ በ2 ድልና በ15 ሽንፈት ተዘጋ።

ደጋፊው ይህን ሁሉ መረመረና ጥፋቱን ደረሰበት፦ ልጁ አጭር ነው። 1 ሜትር ከ78። ቁመቱ ከመመረጡ በፊት የተለካ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም፤ ሰው ሲሸነፍ ያጥራል።

በአሜሪካ ተጠባባቂ ኳርተርባክን የመሰለ ተወዳጅ ሰው የለም። ስላልተጫወተ አልተሳሳተም። በሴፕቴምበር 2024 ፓንተርስ 47 ለ10፣ ቀጥሎም 26 ለ3 ሲሸነፍ ያንግ ተነሥቶ አንጋፋው አንዲ ዳልተን ገባ፤ በመጀመሪያ ጨዋታውም ሬይደርስን 36 ለ22 አሸነፈ። እሰይ! ድሮም ችግሩ ልጁ ነበር! ከዚያ ዳልተን አራቱን ተከታታይ ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ በመኪና አደጋም አውራ ጣቱን ተጎዳ። ያንግ ተመልሶ ገባ። ጃንዋሪ 2025 ላይ አትላንታን በጭማሪ ሰዓት 44 ለ38 ሲያሸንፉ፣ ሦስት ታችዳውን ወርውሮ ሌላ ሁለት ራሱ ሮጦ አስቆጠረ። ቁመቱ ያው 1 ሜትር ከ78 ነበር።

«እንታገሠው» የሚለውም ወገን ቢሆን ከምስጋና አይቀርም። እሱ ማስረጃውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይደግማል። ፔይተን ማኒንግ በ1998፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ 28 ኳስ ለተቃራኒ ቡድን ወርውሮ ቡድኑ ኮልትስ 3 ለ13 (3 ድል፣ 13 ሽንፈት) ሆነ፤ በዓመቱ 13 ለ3። ትሮይ ኤክማን በ1989 ዳላስን ይዞ በገባባቸው 11 ጨዋታዎች አንድም አላሸነፈም፤ በኋላ ሦስት ሱፐር ቦውል በላ። እውነት ነው። ግን በዚያው በ1998 ድራፍት ከማኒንግ ቀጥሎ የተመረጠው ራየን ሊፍ በመጀመሪያ ዓመቱ 2 ታችዳውን ወርውሮ 15 ኳስ አስነጥቋል፤ ያንን ዓመት ተከትሎ የመጣ 13 ለ3 ግን የለም። ሊፍ በዚህ ድጋም ውስጥ ስሙ አይነሣም። ላም አለኝ በሰማይ ለሚል ሰው፣ የሞተች ላም ማስታወስ ነውር ነው።

ከሁለቱ ወገን አንዱም ደስ ብሎት የማያነሣው ሌላ ነገር አለ። ጃሬድ ጎፍ በ2016 ሰባት ጨዋታ ጀምሮ ሰባቱንም ተሸነፈ። በዓመቱ ሾን ማክቬይ የሚባል አዲስ አሰልጣኝ መጣ፣ የግራ ጎኑን የሚጠብቅ አንድሩ ዊትዎርዝ የሚባል ጎምቱ ተከላካይ ተቀጠረለት፤ ቡድኑ ራምስ በ2017 11 ጨዋታ አሸነፈ። በሌላ በኩል ዴቪድ ካርን ሂውስተን በ2002 አንደኛ መርጦ፣ በዚያው ዓመት 76 ጊዜ እንዲዘረር ተወው። ትዕግሥቱም ቢኖር ሰውየው ብድግ ሲል ነው የሚታገሡት። እንዲህ ያለው ነገር ግን ለክርክር አይመችም፤ የተከላካይ ማሊያ የሚገዛ ስንት ሰው ነው?

ጥድፊያውን ያባሰው ደግሞ ገንዘብ ነው። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና አገኘ፤ በ2011 የደመወዝ ስምምነቱ ተለውጦ ካም ኒውተን 22 ሚሊዮን ገደማ ተፈራረመ። ወጣት ኳርተርባክ ርካሽ ሆነ፤ ባለቤቶች ርካሹ ዘመን ሳያልቅ ዋንጫ ያምራቸው ጀመር። የራሱን የቤት ኪራይ ውል አንብቦ የማያውቅ ደጋፊም ዛሬ የአምስተኛ ዓመት አማራጭ ውልን ከነቀኑ ያወርደዋል።

ትዕግሥት የመጨረስ ሙያ ሊቃውንት መናገሻ ግን ክሊቭላንድ ናት። ብራውንስ በ1999 ወደ ሊጉ ከተመለሰ ወዲህ ከ35 በላይ ኳርተርባክ አሰልፏል። አንድ ደጋፊ በኳርተርባኩ በቲም ካውች ማሊያ ላይ የተተኪዎቹን ስም በፕላስተር እየለጠፈ ቢሄድ፣ ማሊያው ከጀርባው እስከ ጫፉ ስም ብቻ ሆነ። ቤከር ሜይፊልድ በጃንዋሪ 2021 ቡድኑን ለጥሎ ማለፍ ድል ሲያበቃ ከ26 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ትከሻው ተጎድቶ ሲቸገር ትዕግሥት አለቀ። ሦስት የአንደኛ ዙር ምርጫና 230 ሚሊዮን ዶላር በምትኩ ለመጣው ኳርተርባክ ለደሾን ዋትሰን ተከፈለ። ሜይፊልድ በ2024 ለታምፓ 41 ታችዳውን ወረወረ።

ክሊቭላንድ ከዚህ ተምራለች። በ2025 አንድ ወጣት መርጦ በአንዱ ላይ ትዕግሥት ከመጨረስ ይልቅ ዲለን ጋብሬልንና ሸዱር ሳንደርስን በአንድ ድራፍት ወሰደች፣ ከፊታቸውም የ40 ዓመቱን ጆ ፍላኮን አሰለፈች። ፍላኮ አራት ጨዋታ ቆየ። ኖቬምበር ሳያልቅ ሦስቱም ተራ ደርሷቸው ነበር።