ማስላት ነውር ነው

ምዝገባ ሲደርስ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወላጅ ይታያል። አንደኛው ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩንና የጤፉን ዋጋ ወረቀት ላይ አስፍሮ «የግል ትምህርት ቤት አቅማችን ይፈቅዳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ልጁን አይወድም። ሁለተኛው ሳይጠይቅ ያስመዘግባል። ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ከክፉ ዓመሉ ለመመለስ የተጻፈ ነው።

እስቲ ለአንድ አፍታ የእሱን ሒሳብ እንሥራለት። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። የሥራ ግብር 2,100፣ ጡረታ 805 ብር ሲቆረጥለት እጁ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ባልም ሚስትም ይህንኑ ያገኛሉ እንበል፤ ድምሩ 17,190 ብር። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትምህርት ቤቱ ለአንድ ልጅ በወር 6,000 ብር ያስከፍላል እንበል፤ ሰርቪሱ ደግሞ 2,500። ለሁለቱ 17,000 ብር መጣ ማለት ነው። ታዲያ 190 ብር እየተረፈ ማነው አቅም የለም ያለው? ኪራዩ፣ ዘይቱና ሽንኩርቱ በዚያችው ይቻቻሉ። መመዝገቢያው፣ መጽሐፉ፣ የስፖርት ቱታው፣ የከለር ዴይ ቲሸርቱና ከኬጂ የሚመረቀው ሕፃን የሚለብሰው ጋዋን እዚህ ውስጥ አልገቡም። ደስታ አይሰላማ!

አስተዋይ ወላጅ አቅሙን የሚለካው በደመወዙ ሳይሆን በጎረቤቱ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ቆሞ የእነ እከሌ ልጆች የትኛው ሰርቪስ ውስጥ እንደሚገቡ ያያል። ከዚያች መኪና የተሻለች መኪና የሚልክ ትምህርት ቤት ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ። ሰርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት «ልጆቹ የት ይማራሉ?» መባሉ አይቀርም። «የመንግሥት ነው» ብሎ የመለሰ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ «አይዟችሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል»። ሰው የሞተበትን ትተው እሱን ያጽናኑታል።

የጎደለውን መሙላት ቀላል ነው። እቁብ አለ፣ የመሥሪያ ቤቱ ብድርና ቁጠባ አለ፣ የሠርግ ቀለበትም ጣት ላይ ሆኖ ወለድ አይወልድም። ይህ ሁሉ ካልበቃ ዱባይ ላለችው እህት ይደወላል። እሷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ የሄደች ናት፤ የሰው ቤት እየጠረገች፣ የሰው ልጅ እያዘለች የወንድሟን ልጅ ታስተምራለች። አደራ፣ ስለ እሷ ትምህርት አንሥታችሁ ነገር እንዳታበላሹ።

በትምህርት ቤቱም በኩል ቢሆን ሁሉ ነገር በሕግና በሥርዓት ነው። ክፍያ ከመጨመሩ በፊት ከወላጆች ጋር መወያየት ግዴታ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ ይጠራል። እናቶችና አባቶች በር ላይ ስማቸውን ጽፈው ይፈርሙና የኬጂ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ይደረደራሉ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ሕንፃ ኪራይ፣ በተለይም «የመምህራንን ደመወዝ ማሻሻል» ስለማስፈለጉ ያስረዳሉ። አንድ አባት እጁን አውጥቶ «ጭማሪው ትንሽ አልበዛም…» ሲል «የእርስዎ ልጅ ስንተኛ ክፍል ነው?» ይባላል። አባት ቁጭ ይላል። ከሻይና ከብስኩቱ በኋላ በር ላይ የተፈረመችው የመገኘት ፊርማ የስምምነት ፊርማ ሆና ትወጣለች። በሚቀጥለው ስብሰባ መምህሩ ያችኑ ኮት ለብሶ፣ ምክንያቱም ያው ሆኖ ይመጣል። ያልተሻሻለ ደመወዝ እኮ ለሚቀጥለውም ጭማሪ ያገለግላል።

ደግሞስ ክፍያው ፍሬ የለውም? ልጅየው ስምንት ዓመት ሞልቶት ሀ ሁ በቅጡ ካለየ እናቱ «ምን እንደማደርገው እንጃ፣ አማርኛ በጣም ይከብደዋል» ትላለች። አፏ ያማርራል፣ ዓይኗ ይስቃል። ይህን በነፃ የሚያስገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ካለ ንገሩን።

የመንግሥቱማ ነገሩ ሁሉ ያጠራጥራል። አዲስ አበባ ውስጥ ምገባውም፣ ደንብ ልብሱም፣ ደብተሩም በነፃ ነው። የማያስከፍል ነገር እንዴት ይታመናል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ደንግጠናል፤ ድንጋጤውም ውሸት አልነበረም። ከድንጋጤው በኋላ ያደረግነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰርቪስ መቀየር።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. በስማቸው ያስከፈቱት ትምህርት ቤት ውስጥ የመኳንንት ልጆችም ተቀምጠው ተምረዋል። የጌታ ልጅ የሚማርበት ክፍል ጣሪያው ሲያፈስ ዝም የሚል ሹም አይኖርም። ዛሬ ግን በጀት የሚመድበው ኃላፊ፣ ትምህርት ቤት የሚቆጣጠረው ባለሙያ፣ ስለ ጥራት የሚጽፈው ጋዜጠኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህሩ ራሱ ሳይቀር ከቻለ ልጁን የግል ያስገባል። የመንግሥቱ ግቢ ውስጥ የሚቀሩት የቀን ሠራተኛውና የጉልት ነጋዴዋ ልጆች ናቸው፤ የእነሱ ወላጆች ቢጮኹ ደግሞ የሚሰማቸው የለም። የሚሰማ ድምፅ ያለን ሰዎች ድምፃችንን በየወሩ በባንክ ገቢ እያደረግን ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ያን ወረቀት ቅደዱት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉትን አትስሙ፤ ተበደሩ፣ ክፈሉ፣ ፈርሙ። ሌላው መንገድ የሰፈሩን ትምህርት ቤት አንኳኩቶ «የሒሳብ መምህሩ ለምን ጠፋ? ቤተ ሙከራው ለምን ተቆለፈ?» እያሉ ዓመቱን ሙሉ መጨቃጨቅ ነው። ገንዘብ አያስወጣም፤ ጊዜና ድፍረት ነው የሚጠይቀው። እሱን ግን በእውነት አቅማችን አይፈቅድም።