የነጠላ ካልሲ ዕጣ፦ በጨርቅ ኳስ ላይ የተደረገ ጥናት

አፋር ውስጥ ጎና በሚባለው ስፍራ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ከወዳደቀ ነገር ዕቃ መሥራት በዚህች አገር የቆየ ሙያ ነው ማለት ነው። ሊቃውንቱ ጠራቢው ልጆች ይኑሩት አይኑሩት አልጻፉም፤ ሆኖም ፍንጣሪው በየቦታው ተበትኖ፣ የሚያነሣው ሳይኖር መቅረቱ ለዚህ ጥናት አዘጋጅ በቂ ማስረጃ ነው።

ጥናቱ የተካሄደው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ነዋሪዎቹ አምስት ናቸው፦ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ፣ የአራት ዓመት እህቱ፣ እናት፣ አያትና አጥኚው። አጥኚው በቤቱ ውስጥ ያለው ሌላ ሚና ለጥናቱ አግባብነት ስለሌለው እዚህ አይነሣም።

የቤቱ ኢኮኖሚ የቆመው «ይጠቅማል» በምትል አንዲት ቃል ላይ ነው። ቃሏ የአያት ናት። ባዶ ጣሳ፣ የተበላሸ ዚፕ፣ ክዳኑ የጠፋ እስክሪብቶ፣ እጀታ የሌለው ስኒ፣ ሁሉም «ተዉት፣ ይጠቅማል» እየተባለ አልጋ ሥር ይገባል። ለምን እንደሚጠቅም መጠየቅ ነውር ነው። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ እዚያው አልጋ ሥር በመጥረጊያ በተደረገ ቁፋሮ፣ አያት ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሠሯት አሻንጉሊት ጭንቅላቷና አንድ እጇ ተገኝቷል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 40 በመቶ ያህል አጽሟ ተርፎ ነበር፤ አሻንጉሊቷ እዚያ ደረጃ አልደረሰችም።

እቤት ባለ ነገር የሚሠሩ የልጅ መጫወቻዎች በሦስት ይከፈላሉ፤ የጣሳ ወገን፣ የሃይላንድ ወገንና የጨርቅ ወገን።

የጣሳ ወገን ብዙ አያወያይም። የዱቄት ወተት ጣሳ ወተቱ ሲያልቅ ስኳር ይይዛል፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ሚስማር። መዛግ ሲጀምር ከበሮ ይሆናል፤ ጎረቤት አቤት ሲል ደግሞ በረንዳ ላይ ወጥቶ ጤና አዳም ይተከልበታል። የሰርዲን ቆርቆሮ ግን ይህ ሁሉ ማዕረግ ሳያስፈልገው በቀጥታ መኪና ነው። አራት ቆርኪ፣ ሁለት ሽቦ፣ የሚጎተትበት ሲባጎ፤ በቃ። ጎማው ከቆርኪ ይልቅ ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ ከሆነ መኪናው ቪ ኤይት ይባላል፤ የቆርኪዎቹ ባለቤቶችም መንገድ ይለቁለታል።

የሃይላንድ ወገን ስሙን የወረሰው ከአንድ የታሸገ ውኃ ሲሆን፣ ዛሬ ማንኛውም የውኃ ፕላስቲክ ሃይላንድ ነው። ይህ ወገን ያላደገው ጥበበኛ አጥቶ አይደለም፤ ቆራሌው አላሳድግ ብሎት ነው። «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪ ተጨምቆ የወጣው ያ ድምፅ ከታች ሲሰማ፣ እናት ጠርሙሶቹን በፌስታል ሰብስባ ደረጃውን ትወርዳለች፤ እነሱም በመርካቶ ምናለሽ ተራ በኩል ወደ ሌላ ሕይወት ይሻገራሉ። ባለፈው ወር ክንፍ እየወጣለት የነበረ ሮኬት ከስድስት ጠርሙሶች ጋር በስህተት ተሽጧል። መሐንዲሱ እስከ ማታ አለቀሰ። ገንዘቡ ለሽንኩርት ዋለ።

ጨርቅም የራሱ ጠላት አለው፤ ልዋጭ። ልዋጭ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ ወይም ጆግ ይሰጣል። ነገር ግን ለነጠላ ካልሲ የሻይ ማንኪያ እንኳ የሚሰጥ ልዋጭ እስካሁን አልታየም። የጨርቅ ኳስ እስከ ዘመናችን የደረሰው በዚህች ቀዳዳ ሾልኮ ነው።

የጨርቅ ኳስ አካሉ ሦስት ነው፦ እምብርት፣ ሥጋና ቆዳ። እምብርቱ የተጨማደደ ፌስታል ነው። ፌስታል ያለበት ኳስ በመጠኑም ቢሆን ይነጥራል፤ የሌለበት ወድቆ እዚያው ይቀራል። በፌስታሉ ብዛት ላይ ሁለት ወገን አለ፤ አያት ሁለት ይበቃል ባይ ናቸው፣ የልጅ ልጃቸው እቤት ያለው ሁሉ ይግባ ይላል። ሥጋው ከተተረተረ ሹራብና ከተቀደደ ካናቴራ ይጠቀለላል። ቆዳው ካልሲ ነው። ጥቅሉ እስከ ካልሲው ጣት ድረስ ይገፋል፤ አንገቱ ይጠመዘዛል፤ የቀረው ተገልብጦ ኳሱ ላይ ይመለሳል፤ ደግሞ ይጠመዘዛል፣ ደግሞ ይመለሳል፣ ካልሲው እስኪያልቅ። መጨረሻው ከማዳበሪያ በተመዘዘ ክር ይሰፋል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀረው ዘመናዊ ካልሲ ለዚህ ሙያ ከንቱ ነው። ረጅም ካልሲ ያስፈልጋል። በቤቱ ውስጥ ረጅም ካልሲ የሚያደርገው ደግሞ ቢሮ የሚገባው ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋም ይመሰክራል። «ካልሲ»ም «ካልቾ»ም በጣሊያንኛ በኩል የመጡ ቃላት ናቸው፤ ወደ ኋላ ሲቆጠሩም ተረከዝ ማለት በሆነ አንድ የላቲን ቃል ይገናኛሉ። ተለያይተው አዲስ አበባ የገቡ ዘመዳሞች ናቸው። ካልሲ በካልቾ ሲመታ እንግዲህ ጉዳዩ የቤተሰብ ነው።

ካልሲ ለኳስነት ባለው ብቃት በሦስት ይመደባል። አንደኛው ተረከዙ የተቀደደው ሲሆን፣ ሥጋው በቀዳዳው ስለሚወጣ አይመረጥም። ሁለተኛው ጓደኛው የጠፋበት ነው፤ ሳፋ ውስጥ ሁለት ሆኖ ይገባል፣ ገመድ ላይ አንድ ሆኖ ይሰጣል። ይህ ሐዘንተኛ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ በቤቱ ደንብ አርባው ሳይወጣ አይነካም። ሦስተኛው ጓደኛው ገና ያልጠፋበት ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ጥልቅ ምርመራ ይገባዋል። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጥንድ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ በሰላም ተኝቶ ነበር። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንገቱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ያለው፣ ለሠርግ ተገዝቶ ሁለት ጊዜ ብቻ የተደረገ፤ መረጃው ከየት እንደተገኘ አይጠየቅ። ጥንዱ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። ልጁ ኋላ ቃሉን ሲሰጥ ዋና መከራከሪያው ያደረገው ይህንኑ ነው፦ «እኔ ሳገኘው ራሱ ኳስ ነበር።»

ይሁንና ልጁ ጥንዱን እንዳለ አልወሰደም። አንዱን ፍራሽ ሥር ከቶ፣ ሌላውን ይዞ ወደ እናቱ ሄደ። በዚህ አሠራር ሦስተኛው ዓይነት ካልሲ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ዓይነት ሆነ። እናት ደንቡን ተከትላ ጠየቀች፦

«ነጠላ ነው?»

«አዎ።»

«ጓደኛውስ?»

«የለም፣ ጠፍቷል።»

መርፌ ውስጥ ክር አስገባች። እየሰፋች ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትይዝ ታይታለች፤ አጥኚው በዚያን ሰዓት ጋዜጣ እያነበበ ስለነበር የሚሰፋውን ነገር አላስተዋለም።

ዓለም አቀፉ ሕግ የኳስ ዙሪያ ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም በጨዋታው መጀመሪያ ከ410 እስከ 450 ግራም ይሁን ይላል። የጥናቱ ኳስ በልብስ ሰፊ ሜትር ሲለካ የተባለውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። «በጨዋታው መጀመሪያ» የሚለው ሐረግ ግን የጨርቅ ኳስን በሚያውቅ ሰው የተጻፈ ይመስላል። ሐምሌ ላይ እንደ ላባ ቀሎ የወጣ ኳስ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሰፈሩን ጭቃ ጠጥቶ ይመለሳል። ይህን የረሳና በቴስታ የሞከረ የታችኛው ፎቅ ልጅ እስከ ማግስቱ አንገቱን ይዞ ዋለ።

የአገሪቱ አንጋፋ ተጫዋቾች የልጅነት ትዝታቸውን ሲያወጉ ብዙውን ጊዜ ከጨርቅ ኳስ ይጀምራሉ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ አንሥታለች። ዋንጫው ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ካልሲውም።

ኳሱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ የብፌ መስታወት ስለማይሰብር ሳሎን ውስጥ ይፈቀዳል። ሁለት ዱካ ጎል ሆነ፤ አጥኚው ገለልተኛ ታዛቢ መሆኑን ቢያስረዳም በረኛ ተደረገ። ዘጠኝ ሪጎሬ ተመታ፣ ሰባቱ ገቡ። አጥኚው ሆን ብሎ ነው ያሳለፋቸው፤ ቢያንስ ሦስቱን። ሰባተኛው ጎል ሲገባ ኳሱ እግሩ ሥር ቆመና ሁለቱን ነጭ መስመሮች አየ።

እረፍት ላይ እህትየው ኳሱን አነሣች፣ በእናቷ ነጠላ አዘለችው፣ እሹሩሩ እያለችም ኮሪደሩን ዞረች። ወንድሟ ለሁለተኛው አጋማሽ ሲመጣ «ኳስ አይደለም፣ ሕፃን ነው» አለችው። ነገሩ አያት ዘንድ ደረሰ። አያት ሁለቱንም ሰምተው፣ ጡት ጠብቶ ሲያበቃ ወጥቶ ይጫወት ብለው ፈረዱ፤ በፍርዱም ማንም አላጉረመረመም። ኳሱ አንድ ጎል ካገባ በኋላ ተመልሶ ታዘለ።

ጡት የሚጠባ ኳስ በየትኛው ወገን እንደሚመደብ ለመወሰን አራተኛ መደብ መክፈት የግድ ነበር። አጥኚው ሠንጠረዡን ሊያሰፋ ማስታወሻውን ሲፈልግ ግን ወረቀቱ በአራት ታጥፎ፣ በፕላስተር ተይዞ፣ የሕፃኑ ዳይፐር ሆኖ አገኘው።

ሰኞ ጠዋት፣ ፍራሽ ሥር የተገኘውን አንዱን ካልሲ ያደረገ፣ ሌላው እግሩ ባዶ የሆነ አንድ ሰው ምላጭ ይዞ በቀስታ ወደ ልጆቹ ክፍል ገባ። ኳሱ ትራሱ ላይ፣ እስከ አንገቱ ጋቢ ለብሶ ነበር። ልጅቷ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«እሽሽ፣ አባዬ! ገና አሁን መተኛቱ ነው።»