«ተጠየቅ» የት ሄደ?

የምክር ቤቱን ስብሰባ ለማየት ቴሌቪዥኑ ፊት ስቀመጥ ባለቤቴ ድንች ትጥዳለች። ከተማችን መካነ ኢየሱስ ላይ ሰዓት ብናጣ ልኬት አናጣም። አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን ሲመቱ ድንቹ ይጣዳል። የመጀመሪያው ጠያቂ ምስጋናውን ጨርሶ ወደ ጥያቄው ሲጠጋ ውኃው መንተክተክ ይጀምራል። ሦስተኛው «ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር» ሲል ልጣጩ ይሰነጠቃል። የመጨረሻው ተነስቶ ስለ ውጭ ጉዳይ ሊያነሳ ወረቀቱን ሲገልጥ ድንቹ ፈርሶ ገንፎ ሆኗል። ለመልሱ ደግሞ ባቄላ ይጣዳል፤ ባቄላ ረጅም ነገር ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ የውጭ ጉዳይ ምን አገባህ? የጓሮህን ጎመን ከፍየል ጠብቅ» ትለኛለች።

ያገባኛል እንጂ! ከራሴ በላይ የጉና ተራራ ተቀምጧል፤ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ደመናውን ጎትቶ የሚያመጣብን እሱ ነው። በወዲያኛው ጎኑ የወረደው ዝናብ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ይገባል፤ በእኛ በኩል የወረደው ቆላ ለቆላ ተንከባሎ ዓባይን ያገኛል። ከጣሪያዬ ሲንጠባጠብ የቤት ጉዳይ ነው፤ «ቀዳዳውን ሳትደፍነው ክረምት ገባ» ተብዬ የምቆጣበት። ድንበር ሲሻገር የውጭ ጉዳይ ይሆናል። አስዋን ሲደርስ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳይ ይሆናል፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦበታል። ያ ሁሉ ሰው ከረባት አስሮ የተጨቃጨቀው ከእኔ ጣሪያ በወረደ ውኃ ነው። አንድም ሰው ለምስክርነት አልጠራኝም።

ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. ለብቻቸው ተቀምጠው ውኃውን ሲካፈሉም እንዲሁ ነበር። ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ብለው ሲጨርሱ፣ ለጉና አንዲት ጣሳ እንኳ አላስቀመጡም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ቀልድ መስሏችሁ ነበር?

ስለዚህ ሰኔ 6 ቀን 2005 ዓ.ም. ምክር ቤታችን የእንቴቤውን የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቅ፣ እኔም ከቴሌቪዥኑ ፊት እጄን አወጣሁ። ባለቤቴ «ምን ጎደለህ?» ብላ ሚጥሚጣውን አቀበለችኝ። አላፈርኩም፤ የደስታ ነው። ስምምነቱ በሥራ ላይ እስኪውል ግን ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ደረሰ። አሥራ አንድ ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ «ያጸደቃችሁት ነገር የት ደረሰ?» እያልኩ ስጠይቅ የኖርኩት ቴሌቪዥኑን ነው። እሱም እንደ ሌሎቹ፣ እያወራ አይመልስም።

መጠየቅ እኮ በዚህ አገር ሙያ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ አጥቢያ ዳኛው ዛፍ ሥር ይሰየማል። ከሳሽ ጋቢውን ወገቡ ላይ ሸብ ያደርግና ዘንጉን ወደ ባላጋራው ዘርግቶ «ተጠየቅ!» ይላል። ያኛው «ልጠየቅ!» ብሎ ደረቱን ይሰጣል። ከዚያ «በላ ልበልሃ» ነው፤ ነገሩ በግጥም ይወርዳል፣ በግጥም ይመለሳል። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። መልሱ ካልጣመ እዚያው በላዩ ላይ ሌላ ጥያቄ። ተጠያቂው ሸርተት ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ልግባ ቢል ታዳሚው ያጉረመርማል፣ ዳኛው «ወደ ነገርህ ተመለስ» ይለዋል። እሰጥ አገባውም በባዶ አፍ አልነበረም፤ በማር፣ በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። አባቴ በድንበር ነገር ተሟግቶ አንድ ክንድ መሬት ረታ፤ ለሙግቱ አንድ በሬ ሸጠ። በሬውን ቶሎ ረሳው። ባላጋራውን ዝም ያሰኘባትን ጥያቄ ግን እስኪሞት ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይደግማት ነበር።

አሁን እስኪ ተመልከቱ። አንዱ ይነሳል። በቅድሚያ ያመሰግናል። ቀጥሎ የተገኘውን ውጤት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። መልሱን ራሱ ተናግሮ ሲጨርስ «ማብራሪያ ቢሰጥበት» ብሎ ይቀመጣል። ይኼ ጥያቄ የለበሰ ምርቃት ነው። የሚጠይቅ ፈጽሞ የለም አልልም፤ አልፎ አልፎ አንዱ ቆንጠጥ የምታደርግ ነገር ይወረውራል፤ ያን ቀን ድንቹን ራሴ ከእሳት አወርዳለሁ። ችግሩ ሥርዓቱ ነው። ጠያቂው ሁሉ በተራ እየተነሳ ያነብባል፣ ጥያቄው እንደ ደቦ እህል አንድ አውድማ ላይ ይከመራል፣ መልሱ ባንድ ላይ ይወቃል። ከዚያ ወዲያ የማን ገብስ የማን እንክርዳድ እንደሆነ ማን ይለያል? ስለ ባሕር በር የጠየቀው፣ መልሱ ስለ ስንዴ ከተነገረው ሥር ተደብቆ እንደሆነ ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ። ድሮ ቢሆን «አጎትሽን አልጠየቅሁሽም!» ትባል ነበር። ዛሬ ተከታይ ጥያቄ የለምና በቅሎዋ አጎቷን አመስግና ትሄዳለች።

ነገሩ የገባኝ አንድ ጎረቤቴ ታሞ ልጠይቀው የሄድኩ ለት ነው። ለካስ በእኛ ቋንቋ መጠየቅ ሁለት ነው። ባላጋራም ይጠየቃል፣ በሽተኛም ይጠየቃል። ባላጋራ ሲጠየቅ ዘንግ ይዘረጋል። በሽተኛ ሲጠየቅ ብርቱካን ተይዞ ይገባና «እንዴት አደሩ? ፊትዎ ዛሬ ጥሩ ነው፤ እግዜር ይማርዎ» ተብሎ ይወጣል። እነዚህ የምክር ቤት ልጆች ምንም አላጠፉም፤ የያዙት ሁለተኛውን ነው። መንግሥትን እየጠየቁት ነው፤ የቀራቸው ብርቱካኑ ብቻ ነው።

ሥልጣን አንሷቸው እንዳትሉ። የልጅ ልጄ ሕገ መንግሥቱን አንብቦልኛል። አንቀጽ 55 ላይ አለ፦ ምክር ቤቱ የውጭ ስምምነቶችን ያጸድቃል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎቹን ባለሥልጣናት ለጥያቄ ይጠራል፣ አሠራራቸውንም ይመረምራል፤ አንድ ሦስተኛው አባላት ከጠየቁ ደግሞ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ያለ ማንኛውም ጉዳይ ውይይት ይከፈትበታል። ከ547 መቀመጫ አንድ ሦስተኛው 183 ሰው ነው። 183 ሰው እኮ ለሠርግም ያንሳል! ግን በ2007ቱ ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወሰዱት። ከሳሽ፣ ተከሳሽና ዳኛ ከአንድ ቤት ሲወጡ ማን ማንን «ተጠየቅ» ይላል? ተቃዋሚዎች በርከት ብለው በገቡበት ምክር ቤት፣ በ1999 ዓ.ም. ኅዳር የሶማሊያ እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ቀርቦ ለመንግሥት ፈቃድ ሲሰጥ፣ የተቃውሞ ድምፅ ነበረ። ተረታ፤ ቢሆንም ተቆጠረ። ሙግት ማለት ይኼው ነው፤ የሚረታም ሰው ያስፈልገዋል።

እረፍቱ ደግሞ አለላችሁ። ምክር ቤቱ መስከረም መጨረሻ ሳምንት ላይ ይከፈትና ሰኔ 30 ይዘጋል። እንደ ገበሬ መሆኑ ነው፤ ጥሩ። ዓለም ግን በክረምት አትዘጋም። ከኤርትራ ጋር አስመራ ላይ የተፈረመው የሰላም መግለጫ ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ የጅዳው ስምምነት መስከረም 6 ቀን 2011 ዓ.ም.። ሁለቱም የዋሉት በእረፍቱ ወራት ነው። እኔ ሐምሌ ላይ ከአረም ቀና ብዬ በሬዲዮ ሰማሁ። ለሰላሙ እልል ብያለሁ፤ ማሳው መሐል ብቻውን እልል የሚል ሽማግሌ ሰው ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ተባለ። የባሕር በር! ባለቤቴን «ከእንግዲህ በጾም ዓሣ ነው» አልኳት። «ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን መጀመሪያ ከቄሱ ጋር ጨርስ» አለችኝ። ሰነዱን ግን ለእኛ ያነበበልን የለም። ዓመት ሳይሞላው፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። የፊተኛው ሰነድ ታዲያ ሞተ ወይስ ታመመ? ለቅሶ እንድረስ ወይስ እንጠይቀው? እዚህ አገር አንድ አህያ ስትጠፋ እንኳ አውጫጭኝ ይወጣ ነበር።

የሚያናድደኝ፣ ስለ እኛ አጥብቀው የጠየቁት የሰው አገር ሰዎች መሆናቸው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ደብዳቤ ጻፉ፤ እዚያ አንዱ መሥሪያ ቤት መልስ ሳይጽፍበት አስቀመጠው። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ እዚህ ጎረቤታችን ጋፋት ላይ መድፍ ተሠራ፣ መቅደላ ድረስ ተጎተተ። በ1860 ዓ.ም. ኅዳር የለንደን ፓርላማ በንጉሡ ላይ ለሚደረገው ዘመቻ ገንዘብ ተጠየቀ፤ ዲዝራኤሊ የሚባሉት የገንዘብ ሚኒስትር ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ አስፈቀዱ። ሒሳቡ ሲዘጋ ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ተጠጋ፤ ከነዝሆኑ፣ 44 ዝሆን! ፓርላማው መርማሪ ኮሚቴ አቋቁሞ «ይኼ ሁሉ የት ገባ?» አለ። ስለ ሟቹ ንጉሥ አልነበረም ጭንቃቸው፤ ስለ ኪሳቸው ነው። ቢሆንም ጠየቁ። በኋላም ግላድስተን የሚባሉት ጠቅላይ ሚኒስትራቸው የመቅደላ ዕቃ መወሰዱ እንዳሳዘናቸው እዚያው ፓርላማ ቆመው ተናገሩ። ዕቃውን ሁሉ ግን አልመለሱም፤ ሐዘን ሌላ፣ ዕቃ ሌላ።

በ1928 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ ደግሞ ሆር የሚባለው የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ተመካክሮ፣ ከአገራችን ጎላ ያለውን ቁራሽ ለሙሶሊኒ ሊሸልም ሲል ነገሩ ሾለከ። ሕዝቡም እንደራሴውም ተነሳበትና ሥልጣኑን ለቀቀ። በእኛ መሬት የተነሳ የእነሱ ሚኒስትር ከወንበሩ ወረደ! ጣሊያን ከወረራው አልተመለሰም፤ ግን አንድ ሰው ተጠየቀ።

ለንደን ለምን እሄዳለሁ? የእኛ እድር አለ አይደል። ባለፈው የእድሩ ድንኳን ተቀዶ ተገኘ። ገንዘብ ያዡ ተነስቶ ስለ እድሩ ዕድገት፣ ስለ አባላቱ ብዛት፣ ስለተገዙት ብርጭቆዎች ማብራራት ጀመረ። ከኋላ ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉ አንዲት ባልቴት እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «ድንኳኑን ለማን ሰጠህ?» አሉ። «እማማ፣ ወደዚያ እመጣለሁ።» «አሁን ና። ለማን?» «ለሠርግ...» «የማን ሠርግ?» «የ... የእህቴ ልጅ።» «ኪራዩስ?» ሰውየው ብርድ ጠዋት ላይ አላበው። አራት ጥያቄ፤ ሁሉም ቢቆጠር አንድ መስመር አይሞላም። ወረቀት አልያዙም፣ አላመሰገኑም። ድንኳኑ በሳምንቱ ተጠግኖ መጣ። ባልቴቷን ምክር ቤት ላኩልኝና ስለ አሰብ ይጠይቁልኝ።

ይህን ሁሉ እየደነፋሁ ሳለ ነው ከተማችን ላይ የሕዝብ ተመራጭ መጥተው መራጩን ሊያነጋግሩ ነው የተባለው። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጥያቄዬን በአራት ቃል አደረግኋት፣ እንደ ባልቴቷ፤ ስለ ውኃው ነበር። ጋቢዬን ታጥቄ፣ ከዘራዬን ይዤ ፊት ተቀመጥኩ። ዕድሉ ሲሰጠኝ ተነሳሁ። አዳራሹ ፀጥ አለ። እንግዳው ፈገግ አሉልኝ፤ ልጅ እግር ናቸው፣ የአባታቸው ዓይነት ዓይን አላቸው። ድንገት «ከሁሉ አስቀድሜ እናመሰግናለን» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነው። ስለ መምጣታቸው አመሰገንኩ፣ ስለ መንገዱ ድካም አዘንኩ፣ አባቶቻቸውን አነሳሁ፣ መረቅሁ። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። እኔም «አሜን» ብዬ ተቀመጥኩ።

ስንወጣ የልጅ ልጄ «አባባ፣ የውኃዋን ጥያቄ ለምን አላነሷትም?» አለኝ።

«ጥያቄህ መሠረታዊ ነው» አልኩት። «በመጀመሪያ አጠቃላይ ሁኔታውን መረዳት ያስፈልጋል...»

እስከ ቤት ድረስ አብራራሁለት። ከበሩ ስንደርስ ባለቤቴ ድንች እየላጠች ነው። ቀና ሳትል፦

«ታዲያ፣ ምን ጠየቅሃቸው?»

«ጤናቸውን» አልኳት።