ጥፋቷ መሥራቷ ነው
በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ አንድን መኪና ጥንታዊ ለማለት ቢያንስ 30 ዓመት እንዲሞላው፣ ይዞታው እንደ ጥንቱ እንዲጠበቅና ለዕለት መጓጓዣ እንዳያገለግል ይፈልጋል። መቀሌ ውስጥ ዓይናለም ሰፈር የምትመላለስ አሮጌ ሃይስ ሚኒባስ በዕድሜ አትታማም፤ በቀሩት ሁለቱ ግን ትወድቃለች። ሞተሯ ተቀይሯል፣ ወለሏ በላሜራ ተበይዷል፣ በሩ ሥር በርጩማ ተጨምሯል። ደግሞም፣ ይባስ ብላ፣ በየቀኑ ትሠራለች። «ታሪክ ማበላሸት ነው» የሚል እውነት አለው፤ ገደብ ካልተበጀ ውራጅ ብረት ሁሉ ቅርስ ነኝ ይላል። ግን ከ2013 ማብቂያ እስከ 2015 መባቻ ትግራይ ተዘግታ ነዳጅና መለዋወጫ ሲጠፋ፣ «ኦሪጅናል ካልሆነ» ያለ ባለመኪና መኪናውን አቁሞ ከማየት በቀር ምን ምርጫ ነበረው? በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያሉትም ወደ 30 ዓመታቸው እየገሰገሱ ነው፤ ክለቦች የአባልነት ቅጽ በብዛት ያሳትሙ።