ብሬከሩ ምን አጠፋ?

ሲሪንቃ ላይ መብራት ድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው የጎረቤት መስኮት ነው። እነሱም ዘንድ ከጠፋ ደስ ይለናል፤ ቡና እንጠራራለን። እነሱ ዘንድ ካለ ግን ነገሩ ብሬከሩ ነው፤ ብሬከር ደግሞ ይሰደባል።

የአክስቴ ብሬከር ስድብ ጠግቧል። ባለ 20 አምፔር ነው፤ ለምጣዱ፣ ለፍሪጁ፣ ለቴሌቪዥኑና ለተከራዩ ካውያ ብቻውን ተጠሪ። ምጣዱ ብቻ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ተከራዩ ሸሚዙን ሲተኩስ እንጀራው ዐይን ሳያወጣ ይቀራል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም «ብርሃን» የተባለ ማሽላ አውጥቷል፤ ካውያ የሚቋቋም ብሬከር ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

አክስቴ እጀታውን በእንጨት ደገፈችው። ደህና ብሬከር ግን እጀታው ቢታሰርም ውስጡ ይለቃል። ስለዚህ ኤሌክትሪሺያን ተጠራ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን አውጥተህ ባለ 63 ግጠምልኝ።»

«እትዬ፣ ያን ጊዜ ብሬከሩ ዝም ይላል፤ የሚጮኸው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ምጣዱን አይደለም።»

እዚህ ላይ እኔ አውሮፕላን አነሳሁ። (ማንም አልጠየቀኝም፤ አውሮፕላን ካነሳሁ ደግሞ አላቆምም።) አክስቴ ትንንሾቹን ታውቃቸዋለች፤ በ2013 ዓ.ም. አንበጣ የወሎን ማሽላ ሲወርር መድኃኒት ሲረጩ አይታለች። በእነሱ ዓይነት አውሮፕላን ሬዲዮው የራሱ ብሬከር አለው፤ መብራቱም የራሱ። ትንሽ ክብ ቁልፍ ናት፤ አምፔሯ አናቷ ላይ ተጽፏል። ብቅ ካለች አብራሪው እንደኛ ደጋግሞ አይጫናትም፤ የግድ ካስፈለገችው ቀዝቅዛ አንዴ ብቻ ነው፤ እንደገና ከዘለለች ይተዋታል።

«ሁሉም ቢዘልስ?» አለች።

«መብረሩን አያቆምም። የተለመደው የአውሮፕላን ፒስተን ሞተር እሳቱን የሚያገኘው ከማግኔቶ ነው፤ ባትሪም ሆነ ብሬከር አያስፈልገውም።»

አክስቴ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞረች። «እሱን ግጠምልኝ!»

ማግኔቶ አልተገኘም። ባለ ስድስት ብሬከር ሳጥን ግን ተተከለ፤ ለምጣዱም እስከ ሳጥኑ ድረስ የራሱ ወፍራም ካቦ ተዘረጋለት። ልጁ በየብሬከሩ ሥር ስም ሲጽፍ አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች፤ የጠየቀችው ስለ አንዱ ብቻ ነበር።

«የተከራዩ የትኛው ነው?»

ከዚያ ወዲህ ተከራዩ ኪራዩን የሚከፍለው ወሩ ሳያልቅ ነው።