ኧረ ፊቴን መልሱልኝ!

በኛ ጊዜ ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል» ይባል ነበር። ቦርጫም ሠርግ ቤት ፊት ወንበር ይሰጠዋል፤ ከሲታው በር ላይ ይቆማል። ዛሬ የደም ምርመራ ወረቀት ይዘው ይመጡና ክትፎህን፣ ዱለትህን፣ ንጥር ቅቤህን በስም እየጠሩ ይከሱብሃል። መጥፎው ኮሌስትሮል ወጥቷል፣ ጥሩው ወርዷል አሉኝ። በዚህ ዘመን ያልወረደ ጥሩ ነገር አለ እንዴ?

ይሁን። ሐኪሙ ስታቲን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ፤ ማታ ማታ እውጣለሁ፣ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሻንጣ ጋር ነው። ውጭ አገር ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሻንጣው ሲከፈት ጫማ ይወጣል ብላችሁ ስትጠብቁ የቫይታሚን ብልቃጥ ይወጣል። የኔዋ ከቨርጂኒያ ኒያሲን ላከችልኝ። «አባዬ፣ ቫይታሚን ቢ 3 እኮ ነው፤ ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሸጥ ነው፤ ለልብህ ጥሩ ነው» አለች። ቫይታሚን! ለአዋቂ ወንድ በቀን የሚበቃው 16 ሚሊ ግራም ነው፤ የብልቃጡ አንዷ ፍሬ ግን 500 ናት። ይህን ቫይታሚን ማለት ጎርፍን የመጠጥ ውኃ እንደ ማለት ነው።

እሁድ ጠዋት አንዷን በትኩስ ቡና አወራርጄ ወደ ዕድር ስብሰባ ሄድኩ። ጸሐፊው ገና የመቀጫውን ዝርዝር ሲያነብ ጆሮዬ ጋለ። ቀጥሎ አንገቴ፣ ደረቴ፣ ፊቴ፤ ቀላሁ፣ ነደድኩ፣ ማከክ ጀመርኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ጠጋ ብለው፣ «ጋሼ፣ በማለዳው ቀመስ አድርገው ነው?» አይሉኝም? ሌላው ደግሞ መቀጫ ሲጠሩበት ተቆጣ ብሎ አስወራ። ዕድሜ ልኬን ያቆየሁት ስም በአንዲት ፍሬ!

ልጄ በስልክ ሳቀች። «ጉዳት የለውም አባዬ፤ ቆዳ ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ይለቀቅና የደም ሥሮችን ያሰፋል። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ አስፕሪን ዋጥ። ትኩስ መጠጥ፣ አልኮልና የሚያቃጥል ምግብ አጠገቡ አታድርስ።» እህ! ቡና፣ ጠጅና በርበሬ ከቀሩብኝ ልቤን የማቆየው ለየትኛው ሥራ ነው? ደግሞ ክኒን ለመዋጥ ክኒን! ጨጓራዬንስ ማን ጠየቀው? «የማያቀላውም ዓይነት አለ» አለች። አለ፤ እሱ ፊትንም አያቀላ፣ ኮሌስትሮልንም አይነካ።

ብልቃጡን ለሐኪሙ ወስጄ ባሳየው ታሪኩን ዘረገፈልኝ። ለካ መድኃኒቱ እንደኔው ጡረተኛ ኖሯል! በፈረንጆች 1955 ካናዳ ውስጥ እነ አልትሹል የሚባሉ ተመራማሪዎች ኮሌስትሮል እንደሚቀንስ ጻፉ። ስታቲን ባልነበረበት ዘመንማ ክብር ነበረው፤ በ1960ዎቹ አሜሪካ በተጀመረ ትልቅ ጥናት ልባቸው አንዴ የታመመ ወንዶች ዳግም እንዳይመታቸው ረድቷል። በ1987 የመጀመሪያው ስታቲን አሜሪካ ገበያ ላይ ወጣ። ታዲያ ኒያሲንን በስታቲን ላይ ደርቦ መውሰድ ምን ይጨምራል ተብሎ ተፈተነ። አንዱ ጥናት ጥቅም አልታየበትም ተብሎ በ2011 ሳያልቅ ተቋረጠ። በእንግሊዝ፣ በስካንዲኔቪያና በቻይና ከ25 ሺህ በላይ ሰው የተሳተፈበት ሌላው ጥናት ውጤቱ በ2014 ታተመ። ጥሩው ኮሌስትሮል ወጣ፣ መጥፎው ወረደ፣ ወረቀቱ አማረ። ድንገተኛው የልብ ሕመምና ስትሮኩ ግን ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሰም። ይልቅ ስኳር በሽታው፣ የደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ በዛ። ቁጥሩ አምሮ ኑሮው እንደነበረ፤ የለመድነው ሪፖርት! ሪህም ይቀሰቅሳል አሉ፣ ለጉልበቴ እሱ ብቻ ነበር የቀረው። በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ዝግ ብሎ የሚሟሟው ኒያሲን ከስታቲን ጋር ይሰጥ ዘንድ የነበረውን ፈቃድ አነሳ። እዚያ የተነሳው ፈቃድ እኔ ዘንድ በሻንጣ ይገባል!

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ በተለይ ጉበት፣ ስኳር ወይም ሪህ ያለባችሁ፣ ከሻንጣ የወጣ ብልቃጥ ሐኪም ሳያየው አትክፈቱ። አንቺም ልጄ፣ ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ ብለሽኛል። የጫማዬ ቁጥር 42 ነው፤ ጥቁር፣ ማሰሪያ የሌለው።