የጎረቤት ኢንች

በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ተበላሽቶ አይቀየርም፤ ጎረቤት አዲስ ሲገዛ ነው የሚያረጀው። ዜናውን፣ ኳሱን፣ ተከታታይ ድራማውን ያለ አንዳች ቅሬታ ሲያሳይ የከረመው ባለ 32 ኢንች፣ ጎረቤት ቡና ተጠርተን ግድግዳ ያህል የሆነ ባለ 55 አይተን ስንመለስ በአንዴ ደብዝዞ ይጠብቀናል። «ይሄ ነገር ዓይናችንን ሳያጠፋው ይቀራል?» ትላለች እማወራ። አባወራው የዓለም ዋንጫውን ቀን በሆዱ ሲቆጥር የሰነበተ ቢሆንም «እኔማ የልጆቹ ነገር ነው ያሳሰበኝ» ይላል። ልጆቹን የጠየቀ የለም። እነሱ ድሮውንም ስልክ ላይ ናቸው።

«እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» የሚለውን ብሂል የማያውቅ አባወራ የለም። ግን የሚጠቅሰው ጎረቤት መኪና ሲገዛ ነው። መኪናው አይደረስበትማ! ቲቪው ግን በአንድ የእቁብ ዕጣ ይደረስበታል፤ ስለዚህ ብሂሉ ለጊዜው ይቀመጣል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ባለ ቲቪ ቤት በሰፈር አንድ ወይ ሁለት ነበር፤ ልጁ ደጃፍ ላይ ተኮልኩሎ፣ አዋቂው መስኮት ተደግፎ ያይ ነበር። በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሰሞን ቀለም ሲመጣም ያው ነው፤ ቀለሙን ያየው አብዛኛው ሰው በሰው ቤት ነው ያየው። ያን ጊዜ የጎረቤት ቲቪ ይታይ ነበር። ዛሬ ይለካል።

ወደ በጀቱ እንምጣ። በጀቱ 40 ሺህ ብር ነው እንበል። ባልና ሚስት ማታ ቁጭ ብለው ተነጋግረውበታል፤ ቤት ኪራይ ወጥቷል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ወጥቷል፣ የቀረው 40 ሺህ ነው፤ ባለ 43 ኢንች ይበቃል፤ አለቀ። እንዲህ ያለ በጀት ሳሎን ይጸድቅና መርካቶ ይሻራል። ለመሻሩ ደግሞ ምክንያት አይጠፋም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲያልፍ ካየን በኋላ፣ ሁላችንም ኢኮኖሚስት ሆነናል። «ዛሬ ካልገዛነው ነገ አንደርስበትም» ይላል አባወራው። ሒሳቡ ለስኳርና ለዘይት ሊሠራ ይችላል፤ እነሱ ግድ ናቸው። ለቲቪ ሲሆን ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ደግሞም ቲቪ መሬት አይደለም፤ ከሱቅ በር በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል።

ሱቁ ውስጥ ግድግዳው በሙሉ ቲቪ ነው፤ ሁሉም አንድ ነገር ያሳያል። ማር ከማንኪያ ይንጠባጠባል፣ ሀብሐብ ለሁለት ይገመሳል፣ በቀቀን አንገቷን ታዞራለች፤ የላባዋ ጭረት ሳይቀር ይቆጠራል። ፊልሙ ለሱቅ ተብሎ የተቀረጸ ነው፤ የቲቪው ብርሃንና ቀለምም እስከ ጥግ ተለቋል። ባልና ሚስት አፋቸውን ከፍተው ማሩን ያያሉ። «እስቲ እኛ ቤት የምናየውን ጣቢያ ክፈትልን» የሚል አንድ ሰው አይገኝም። ዕድሜ ልኩን በቀቀን ሊያይ የሚገዛ ይመስል።

«ስንት ኢንች ላሳይህ አባቴ?» ይላል ሻጩ ወጣት።

«አርባ ሦስት።»

ልጁ ዝም ብሎ ያየዋል። ቀጥሎ በትሕትና፣ «ለመኝታ ቤት ነው?»

በጀቱ የተሻረው እዚህ ላይ ነው። ክርክር የለም፣ ማባበል የለም፤ አንዲት ጥያቄ ናት። ሚስት ባሏን ታያለች። ባል ጣሪያውን ያያል።

«አይ… ለሳሎን ነበር።»

«ለሳሎንማ 55 ነው አባቴ። 43 እኮ አሁን መኝታ ቤት ነው የሚገባው።»

«ኦሪጅናል ነው?»

«እናቴ ትሙት!»

«ፎርኬ ነው?»

«ፎርኬ ይቀበላል።»

«ይቀበላል» የምትለው ቃል ላይ የሚቆም ገዢ የለም። ፎርኬ የሚባለው ስክሪን ወደ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች አሉት፤ ፉል ኤችዲ 2 ሚሊዮን ገደማ። አንዳንዱ ርካሽ ቲቪ ግን የፎርኬ ፊልም ይቀበልና 1 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ባለው ስክሪን ላይ ያሳያል። ካርቶኑ አልዋሸም፤ ተቀብሏል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጥቃቅን ጽሑፍ ያለበት ጥራት ያለው ፎቶ በፍላሽ ይዞ ሄዶ ማስከፈትና ጠጋ ብሎ ማንበብ ነው። ጫማ ስንገዛ ሶሉን አጥፈን፣ አሽትተን፣ ቆዳውን በጥፍራችን ፍቀን ነው፤ አሥር እጥፍ ዋጋ ላለው ዕቃ ግን በእናት መሐላ ረክተን እንወጣለን።

እማወራ በዚህ መሀል አንድ የልብ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ «መብራት አይበላም?» ከጥያቄዎች ሁሉ የማያሳስበው ይህ ነበር። ባለ 55 ኤልኢዲ 100 ዋት አካባቢ ቢወስድ ነው፤ የእንጀራ ምጣዷ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ትወስዳለች። በአንድ ሰዓት ጋገራ የሚሄደው መብራት ቲቪውን ከ30 ሰዓት በላይ ያስኬደዋል። ያልተጠየቀው ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ የት ይቀመጣል?

ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። ባለ 43 ወደ ጎን 95 ሳንቲሜትር ነው፤ ባለ 55 ወደ 122 ይጠጋል። ልዩነቱ 12 ኢንች ብቻ ይመስላል እንጂ በስፋት ሲታይ ባለ 55ቱ ከ60 ከመቶ በላይ ይበልጣል። ከጥቂት ብር የማያልፍ የልብስ ሰፊ ሜትር ይህን ሁሉ ቀድሞ በነገራቸው ነበር። ሜትር ይዞ ቲቪ ሊገዛ የወጣ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። የተለካው የጎረቤት ነው፤ እሱም በዓይን።

ስለዚህ ካርቶኑ በታክሲ ጣሪያ ታስሮ፣ ሁለት ሰው በመስኮት እጁን አውጥቶ ይዞት፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየው ይገባል። የሰፈሩ ማየት ከሒሳቡ ውስጥ ነው፤ ባዶ ካርቶኑም ለሳምንት ያህል በረንዳ ላይ ይቆማል፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ ዞሮ። ቤት ሲገባ ግን ቡፌው እምቢ ይላል። ቡፌው የተሠራው በባለ 21 ኢንቹ ዘመን ነው፤ መሀሉ ላይ የቲቪ ጎጆ አለው፣ ከላዩ ዳንቴል ተነጥፎበታል። አዲሱ ቲቪ ደግሞ የሚቆመው በሁለት ጫፍ እግሮቹ ነው፤ አንዱ እግር ቡፌው ላይ ሲያርፍ ሌላው አየር ላይ ይቀራል። እንግዲህ ማንጠልጠያ ይገዛል፣ ድሪል ያለው ልጅ ይጠራል፣ ብሎኬቱ ይበሳል። ልጁ «የት ጋ ላድርገው?» ሲል «ከፍ አድርገው፣ ሕፃናት እንዳይነኩት» ይባላል። ከፍ ይላል። ከጣሪያው አንድ ጋት ሲቀረው ይታሰራል። የስክሪኑ መሀል ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር ቢስተካከል አንገት ያርፍ ነበር፤ አሁን ቤተሰቡ ድራማውን የሚከታተለው ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማይ እንደሚያይ ሰው አንጋጦ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትይዩ ያለው መስኮት ገብቶበት ከተዋናዩ ይልቅ መጋረጃው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጠርዙን የሸፈነው ላስቲክ አይላጥም። «ሳይበላሽ ይቆይ» ነው ነገሩ። ጥግ ላይ የተለጠፈው «55» የሚል ወረቀትም አይነካም፤ እንግዳ እንዳይቸገር።

ከዚያ ማታ ይመጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ፈንዲሻ ይፈነዳል፣ ሪሲቨሩ ይከፈታል። ሪሲቨሩ የድሮው ነው። ገመዱም የድሮው ነው፤ ያቺ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ ጫፍ ያላት። ምስሉን የምታመጣው ቢጫዋ ናት፤ በእኛ አገር አሠራር የምትችለው 576 መስመር ነው። የፎርኬው ስክሪን 2,160 መስመር ዘርግቶ ይጠብቃታል። የጎደለውን ቲቪው ከራሱ እየገመተ ይሞላዋል፤ ለአምስት ሰው የተሠራን ወጥ ውኃ ጨምሮ ለድግስ ማዳረስ ነው። ዜና አንባቢዋ ፊቷ ይሟሟል። ኳሷ ጅራት አውጥታ ትሮጣለች። አንዳንዱ ጣቢያም በድሮው ቅርጽ ስለሚመጣ ሥዕሉ ወደ ጎን ይለጠጥና ቀጭን የምናውቀው ዘፋኝ በአንድ ሌሊት ወፍሮ ይገኛል።

«ምን ሆነ? ያኛው እንዲህ አይልም ነበር» ትላለች እማወራ።

«ጣቢያው ነው» ይላል አባወራ። ጎረቤቱም አንገቱን ይነቀንቃል፤ የእሱም ቤት «ጣቢያው» ነዋ።

ጣቢያው ግን ንጹሕ ነው። ከአገር ውስጥ ጣቢያዎች ብዙዎቹ በኤችዲ መሠራጨት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ሪሲቨሩም ከጀርባው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ በታች የሚገዛ ገመድ ነው የጎደለው። በእርግጥ 55 ኢንች በራሱ ኃጢአት የለበትም። ጥርት ያለ ምስል ከገባበት ከሁለት ሜትር ፈቀቅ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ልኩ ነው፤ ብዙው የኮንዶሚኒየም ሳሎንም ይህን ያህል ርቀት አያጣም። የምስሉ ምንጭ ደካማ ሲሆን ግን ስክሪን ማስፋት ጉዱን ማስፋት ነው፤ በ32 ላይ የተሸሸገ ሁሉ በ55 ላይ አደባባይ ይወጣል።

በጀቱ ስንት ላይ እንደደረሰ አሁን የሚጠይቅ የለም። ከእቁቡ በላይ የወጣውን ወንድም አበድሯል። በሦስተኛው ቀን የድምፁ ነገር ይነሳል፤ እንዲህ የሳሳ ቲቪ ድምጽ ማጉያው ከኋላው ተደብቆ ወደ ግድግዳ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ ጂፓስ ይገዛል። ስማርት ነውና ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የአባወራው ስልክ ማታ ማታ ለቲቪው ያድራል። ጥሩ ኤችዲ ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ፎርኬ ደግሞ እስከ 7። የወር ጥቅሉ በሳምንቱ አርብ ላይ ያልቃል።

ስታቢላይዘር ለመግዛት ግን ገንዘብ የለም። መብራቱ በሳምንት ስንቴ ሄዶ፣ ሲመለስም እየዘለለ እንደሚመጣ ያልቀመሰ ባይኖርም፣ ይህ ሁሉ ዋጋ የወጣበት ቲቪ ከማቀዝቀዣውና ከስልክ ቻርጀሮቹ ጋር አንዲት የተቃጠለች ዲቫይደር ይጋራል። «ዋስትና አለው እኮ» ይላል አባወራ ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አውጥቶ። ወረቀቱ ላይ በደቃቅ ፊደል በመብራት መዋዠቅ የመጣ ጉዳትና የስክሪን መሰበር እንደማይመለከተው ተጽፏል። ሌላ በምን ይበላሻል? ስክሪኑ ከተሰበረ ደግሞ ጠጋኙ የሚጠይቀው የአዲሱን ዋጋ ስለሚጠጋ፣ የሚቀረው ቆራሌው ሲያልፍ ድምፁን ሰምቶ መውጣት ነው።

40 ሺህ ብሩን ይዞ ባለ 43 ገዝቶ፣ በተረፈው ገመዱን፣ ስታቢላይዘሩንና ሻል ያለ ሪሲቨር መያዝ ይቻል ነበር። ማታም ፊት እንደ ፊት፣ ኳስ እንደ ኳስ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለ ግዢ ግን አንድ ከባድ ጉድለት አለበት፤ ገመድን ለጎረቤት ማሳየት አይቻልም።

የድሮው 32ስ? እሱ ደብረ ብርሃን ለእናት ይላካል። «ለእማዬ ቲቪ ገዛንላት» ተብሎም ይወራል። እማዬ ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ከአንድ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ብላ፣ በርጩማዋ ላይ ሆና ታያለች፤ የእህቷ ልጅ መጥቶ በኤችዲኤምአይ ገጥሞላታል። ማታ ትደውላለች።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ኩልል አድርጎ ነው የሚያሳየኝ። ግን ምን ጎደለው ብላችሁ ነው ለእኔ የላካችሁት?»

«ምንም አልጎደለውም እማዬ። አነሰን።»

«እሰይ! ወለደች? ምነው ታዲያ ሳትነግሩኝ!»